ምዕራፍ 7፦ ጌጁና አየሩ፤ ለነቀምቴ ከፍታ ቱርቦ መምረጥ

ከጊምቢ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ባለ ቱርቦ አይሱዙ ኤንፒአር የዴዴሳን ድልድይ ሲሻገር ከባሕር ጠለል በላይ በ1,300 ሜትር ዙሪያ ነው። ነቀምቴ ሲገባ 2,100 ሜትር ገደማ ደርሷል። ቱርቦው የደከመ መኪና በዚህ ዳገት ላይ ይጋለጣል፤ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ ማርሽ በማርሽ ይወርዳል፣ ከኋላው ረጅም ሰልፍ ይጎትታል። ከተማ ደርሶ ጋራዥ ሲገባ «ቱርቦው አልቋል፣ ይቀየር» ይባላል። ከዚያ ምርጫው ይመጣል። ኦሪጅናል የሚባል አለ፣ የታይዋን የሚባል አለ፣ የቻይና የሚባል አለ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የመጣ ያገለገለ አለ። ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚሰርቀው ግን ተለቅ ብሎ፣ አብለጭልጮ፣ «ከፋብሪካው የበለጠ ጉልበት ይሰጣል» እየተባለ የሚሸጠው ነው።

ይኸው ጥያቄ ሱባሩውን ወይም ላንሰሩን ለፍጥነት ማዘጋጀት የሚፈልግ ወጣትም ፊት ይቀርባል። የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያሉትን ሞተሮች ረጅም ዘመን ማኖር ግድ ሆኗል። ስለዚህ የሚገዛው ቱርቦ ቁጥሩ ይበዛል፣ የሚከፈለውም ገንዘብ ቀላል አይደለም። አንድ ቱርቦ ጥሩ መሆኑን በምን እናውቃለን?

የዚህ ምዕራፍ መልስ አንድ ነው፤ የቀረው ሁሉ እሱን ማብራሪያ ነው። ቱርቦን የምንመዝነው መኪናው በሚሠራበት ከፍታ ላይ፣ ሹፌሩ በሚነዳበት የሞተር ዙር፣ ስንት ኪሎ አየር ወደ ሲሊንደር እንደሚያስገባ በማየት ነው።

ከምዕራፍ 3 የምንወስደው

በምዕራፍ 3 ሞተር ከሚበላው ሁሉ ትልቁ ድርሻ አየር መሆኑን አይተናል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ናፍታ ደግሞ ከዚህ የበዛ አየር ካላገኘ ያጨሳል፤ ለአንድ ኪሎ ናፍታ የሚደርሰው አየር ከ18 ኪሎ ወረድ ሲል ጥቁሩ ጭስ መታየት ይጀምራል። ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው፤ የፖምፓዋን ብሎን ጥቂት ማዞር ይበቃል። አየር መጨመር ግን ከባድ ነው፤ ቱርቦ የተፈለሰፈውም ለዚሁ ነው።

በምዕራፍ 5 ደግሞ ዳገት የሚያወጣው በከፍተኛ ዙር የሚገኘው የፈረስ ጉልበት ብቻ እንዳልሆነ፣ በ1,500 እና በ2,500 ዙር መካከል ያለው የመጠምዘዝ ኃይልም እንደሆነ ተነጋግረናል። እነዚህ ሁለት ነገሮች እዚህ ይገናኛሉ።

ወናፉና ፍሙ

ብረት ቀጥቃጭ ፊት የቆመ ሰው ቱርቦን ለመረዳት ሩቅ አይደለም። ወናፉ ሲረገጥ ወይም ሲጨመቅ ፍሙ ይፋፋማል፣ ብረቱ ይቀላል። ፍሙን የሚያፋፍመው ግን የወናፉ ቆዳ መወጠሩ አይደለም። ቱቦው በጭቃ ቢደፈን ቆዳው ከመቼውም ይልቅ ይወጠራል፤ ፍሙ ግን ይከስማል። ፍም የሚበላው በየትንፋሹ የሚደርሰውን አየር ነው። ወናፉ ከልክ በላይ ትልቅ ቢሆን የሚያነፍሰው ልጅ ሊያንቀሳቅሰው ያቅተዋል፣ እሳቱ እስኪያገኘው ብረቱ ይቀዘቅዛል። ከልክ በላይ ትንሽ ቢሆን ልጁ ላብ እስኪያጠምቀው ቢሮጥም ለትልቅ ምድጃ አይበቃም።

ቱርቦ በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተተከሉ ሁለት ባለ ክንፍ መዘውሮች ነው። አንደኛው፣ ተርባይን የሚባለው፣ ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጭስ መንገድ ላይ ይቀመጣል፤ ጭሱ ያሽከረክረዋል። ሁለተኛው፣ ኮምፕረሰር የሚባለው፣ በፊልትሮ በኩል የሚመጣውን አየር እየሳበ ይጨምቅና ወደ ሞተሩ ይልካል። ወናፉን የሚያነፍሰው ልጅ ጭሱ ነው፣ ወናፉ ኮምፕረሰሩ ነው፣ ፍሙ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 እስከ 200,000 ጊዜ ይዞራል። ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ መዘውር በደቂቃ 180,000 ጊዜ ሲዞር የክንፉ ጫፍ በሰከንድ 470 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ይህ ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። ይህን ሁሉ ሩጫ የሚሸከመው ቀጭን የዘይት ሽፋን ነው። ወደ ዘይቱ በኋላ እንመለሳለን።

መኪናው ላይ ያለው የቱርቦ ጌጅ የሚያሳየው የወናፉን ቆዳ መወጠር ነው። ብዙ ሰው ጌጁ ወደ ቀኝ ሲሄድ ደስ ይለዋል። መርፌው እየወጣ ሞተሩ የሚበላው አየር ሊያንስ እንደሚችል ግን ማንም አይነግረውም።

ቀጭኑ አየር

በባሕር ጠለል ላይ አየሩ በላያችን የሚያሳርፈው ግፊት 1.01 ባር ነው። ነቀምቴ ላይ 0.785 ባር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ሙቀት፣ ነቀምቴ ላይ የተሞላ አንድ ሊትር አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከተሞላው አንድ ሊትር በክብደት ከ20 በመቶ በላይ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን ኪሳራ ሙሉ በሙሉ ይሸከማል።

የቱርቦ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 በስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ ስም የባለቤትነት መብት ተሰጥቶታል። ከፍታን እንደሚያሸንፍ በአደባባይ የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጀርባ ላይ አድርጎ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ አናት፣ 4,300 ሜትር ላይ አወጣው። ሞተሩ በባሕር ጠለል 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦው ሲገጠምለት ወደ 356 ተመለሰ። ሰዎች ዛሬ ቱርቦን የውድድር መኪና ጌጥ አድርገው ያዩታል፤ በመጀመሪያ ዝናን ያገኘው ግን የደጋን አየር በመካስ ነው። ለወለጋ ሹፌር ከማንኛውም የውድድር ታሪክ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ የተራራ ሙከራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ተፈጥሮም በዚህ ጥቂት ታግዛለች። ደጋ ላይ ጭሱ ወደሚወጣበት አየር የሚገጥመው ተቃውሞ ያንሳል፤ ተርባይኑ በጭሱ ጉልበት የበለጠ ይጠቀማል፣ ዘንጉም ፈጠን ይላል። ባለ ቱርቦ መኪና ነቀምቴ ሲወጣ ቱርቦ ከሌለው ያነሰ የሚደክመው በከፊል ለዚህ ነው። ነገር ግን ያ ተጨማሪ ፍጥነት ከዘንጉ ዕድሜ የሚከፈል ነው፤ በነፃ አልተገኘም።

ጌጁ የሚደብቀው

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከመደመርና ከማካፈል አያልፍም።

ጌጁ የሚነግረን ግፊት በዙሪያችን ካለው አየር በላይ የተጨመረውን ብቻ ነው። ጌጁ 1 ባር ሲል፣ በባሕር ጠለል ሞተሩ የሚያገኘው 1.01 ሲደመር 1፣ ማለትም 2.01 ባር ነው። ነቀምቴ ላይ ያው ጌጅ ያንኑ 1 ባር ሲያሳይ ሞተሩ የሚያገኘው 0.785 ሲደመር 1፣ ማለትም 1.785 ባር ነው። መርፌው አልተንቀሳቀሰም፤ አየሩ ግን 11 በመቶ ጎድሏል።

ቀጥሎ ቱርቦው ምን ያህል እንደለፋ እንይ። የቱርቦ ልፋት የሚለካው የተቀበለውን አየር ስንት እጥፍ አድርጎ እንዳስተላለፈ በማየት ነው። በባሕር ጠለል 2.01 ለ1.01 ሲካፈል ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ነቀምቴ ላይ 1.785 ለ0.785 ሲካፈል 2.27 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ በአንድ ዓይነት የጌጅ ንባብ ነቀምቴ ላይ ያለው ቱርቦ የበለጠ ለፍቶ ያነሰ አየር አስረክቧል። የባሕር ጠለሉን 2.01 ባር እዚህ ላምጣ ቢል 2.56 እጥፍ ማድረስ አለበት፤ ለብዙ አነስተኛ ቱርቦዎች ይህ አቅማቸውን የሚፈትን ቁጥር ነው።

አቧራማውን መንገድ እንጨምርበት። ከዋናው አስፋልት ወጣ ሲሉ ቀዩ አፈር ፊልትሮውን በጥቂት ቀን ይደፍነዋል። የተደፈነ ፊልትሮ 0.05 ባር ቢቀንስ ቱርቦው የሚቀበለው 0.735 ባር ብቻ ይሆናል፤ ጌጁ ላይ ያንኑ 1 ባር ለማሳየት 2.43 እጥፍ መጭመቅ ግድ ይለዋል። ፊልትሮ ማራገፍ ያስተጓጎለ ሹፌር ሳያውቀው ቱርቦውን ብዙ መቶ ሜትር ወደ ላይ አውጥቶታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ በጋራዦች የሚደረግ አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። መኪናው ዳገት ላይ ሲደክም አንዳንድ መካኒክ የዌስትጌቱን ዘንግ ያጠብቀዋል። ዌስትጌት ግፊቱ ሲበዛ ትርፉን ጭስ ከተርባይኑ አስቀርቶ የሚያሳልፍ በር ነው። ዘንጉ ሲጠብቅ በሩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ የጌጁ መርፌ ይወጣል፣ ሹፌሩም ተደስቶ ይሄዳል። ቱርቦው ግን ቀድሞውኑ ከወሰኑ አቅራቢያ እየሮጠ ነበር፤ አሁን ያልፈዋል። ክንፉ በራሱ ፍጥነት የሚሰነጠቀው እንዲህ ሲሆን ነው። በዚህ ላይ ፖምፓዋ ከተከፈተች አደጋው ሁለት እጅ ይሆናል። ይህን ልማድ ልንተወው ይገባል።

የቱርቦ ካርታ

የታወቁ ቱርቦ ሠሪዎች፣ ጋሬትና ቦርግዋርነርን የመሳሰሉት፣ ለሚሸጧቸው ቱርቦዎች «የኮምፕረሰር ካርታ» ያወጣሉ። አንባቢ በስሙ እንዳይፈራ። ካርታው ሁለት መስመር ብቻ አለው፤ ወደ ላይ የምናነበው ከላይ ያሰላነውን እጥፍ ነው፣ ወደ ቀኝ የምናነበው በደቂቃ የሚያልፈውን አየር ነው። መሃሉ ላይ እንደ ኮረብታ ካርታ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀመጡ ክቦች አሉ። የውስጠኛው ክብ ቱርቦው ትንሽ ሙቀት ፈጥሮ ብዙ አየር የሚሰጥበት ስፍራ ነው፤ ወደ ውጭ ባሉት ክቦች ሙቀቱ እየበዛ ይሄዳል። በግራ በኩል ያለው ወሰን ሲታለፍ አየሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሞተሩ እየተንደቀደቀ ይጮኻል፣ ዘንጉ ይመታል። በቀኝ በኩል ያለው ወሰን ሲታለፍ መዘውሩ ይታነቃል፤ ቢሽከረከርም ተጨማሪ አየር አይሰጥም።

በካርታው ላይ የነቀምቴን መኪና ስናስቀምጥ ምን ይሆናል? ኢንተርኩለር፣ ማለትም የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ያለውን ባለ 2.5 ሊትር የናፍታ ሞተር እንውሰድ፤ ብዙ ሂሉክሶችና «አባዱላ» የምንላቸው ሚኒባሶች የያዙትን መጠን። በ3,600 ዙር፣ ጌጁ 1 ባር እያለ፣ በደቂቃ 7.5 ኪሎ ያህል አየር ይበላል። ይህን 7.5 ኪሎ ለማግኘት ኮምፕረሰሩ ነቀምቴ ላይ 8.2 ሜትር ኩብ አየር መሳብ አለበት። በባሕር ጠለል 6.3 ሜትር ኩብ በበቃው ነበር። ስለዚህ መኪናው በካርታው ላይ ሁለት ጊዜ ይገፋል፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። ባሕር ዳርቻ ላይ በመካከለኛው ክብ የነበረ ቱርቦ ነቀምቴ ላይ ዳር ይወጣል።

ዳር መውጣት ዋጋው ሙቀት ነው። 25 ዲግሪ የሆነ አየር 2.27 እጥፍ ሲጨመቅ፣ በጥሩው ክብ ውስጥ ያለ ቱርቦ 130 ዲግሪ ገደማ አድርጎ ያወጣዋል። ዳር ላይ ያለው 155 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ትኩስ አየር ቀላል ነው፤ ይህ ልዩነት ብቻውን፣ ከኢንተርኩለሩ በፊት፣ 6 በመቶ ያህል አየር ያስከፍላል። ጌጁ ግን ለሁለቱም 1 ባር ነው የሚለው። በቤንዚን ሞተር ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ትኩሱ አየር ሞተሩን ያንኳኳል፣ ማንኳኳቱም ፒስቶን ይበሳል።

ከዚህ የሚከተለውን ፍርድ በግልጽ ልናገር። ካርታ የሌለው ቱርቦ ሊገመገም አይችልም። ሻጩ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ዕቃውም ያምራል፤ ግን የምንገዛው ግምት ነው። የሚተካው የፋብሪካው ዓይነት ከሆነ ካርታውን የፋብሪካው መሐንዲስ አይቶልናል፤ የቀረን ቁጥሩ አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ትልቁ ይሻላል?

ሱቅ ውስጥ ትልቁ ቱርቦ ከትንሹ አጠገብ ሲቀመጥ ዓይን ትልቁን ይመርጣል። ዴዴሳን ተሻግሮ በ1,600 ዙር ዳገት የጀመረ መኪና ግን ትልቁን ተርባይን የሚያዞር ጭስ የለውም። ሹፌሩ ነዳጅ ይረግጣል፣ ናፍታው ይፈሳል፣ አየሩ አልደረሰም፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ማርሽ ሊያወርድ ሲገደድ ዙሩ ይነሣል፣ ቱርቦው ነቃ ይላል፣ ወዲያው ግን ኩርባ ይመጣል። ለዳገት የሚሆነው ቱርቦ ከ2,000 ዙር በታች የሚነቃው ነው፤ የጫፍ ጉልበቱ ቢያንስ እንኳ።

ይህን የሚወስነው በብዙው የተርባይኑ ቤት ነው። ሠሪዎች «ኤ በአር» የሚሉት ቁጥር አለ፤ የጭሱ መተላለፊያ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ይናገራል። ቁጥሩ ሲያንስ መተላለፊያው ይጠባል፣ ጭሱ ይፈጥናል፣ ቱርቦው ቶሎ ይነቃል፤ በከፍተኛ ዙር ግን ሞተሩን ያፍነዋል። ቁጥሩ ሲበዛ ተቃራኒው ነው። ባለ 3 ሊትሩ የቶዮታ ቪጎ ሞተር ይህን ጣጣ በተንቀሳቃሽ ክንፎች ፈትቶታል፤ ክንፎቹ በዝቅተኛ ዙር ይጠባሉ፣ በከፍተኛው ይሰፋሉ። ጥላሸት ሲይዛቸው ግን ይደርቃሉ፤ ስለዚህ ቱርቦው አለቀ ተብሎ ከመጣሉ በፊት ክንፎቹ ተጸድተው መሞከር አለባቸው።

ደጋ ላይ የሚኖር የፍጥነት መኪና ባለቤት ደግሞ ከዚህ ለየት ያለ ምክር ያስፈልገዋል። ኮምፕረሰሩ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ስለሚገፋ፣ በባሕር ጠለል ሠንጠረዥ ከሚመከረው ጥቂት ከፍ ያለ አቅም ያለው ኮምፕረሰር መምረጥ ትክክል ነው፤ ተርባይኑ ግን አብሮ መተለቅ የለበትም። «ባለ አንድ ወጥ ብረት መዘውር»፣ «ባለ ኳስ ኩሽኔታ» የሚሉት መሸጫ ቃላት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ባለ ኳሱ ኩሽኔታ በእርግጥ ቶሎ ያነቃል። መዘውሩ ከአንድ ወጥ ብረት መቀረጹ ግን የክንፎቹ ቅርጽ ካልተጠና ምንም አይጨምርም።

ሳጥኑ ላይ የሚጻፈውን የፈረስ ጉልበትም በጥንቃቄ እንየው። ጉልበት በሚለካ ማሽን ላይ፣ ዳይኖ በሚሉት፣ ደጋ ላይ ሲለካ ውጤቱን ወደ ባሕር ጠለል የሚመልስ ማስተካከያ ቁጥር ይባዛበታል። ያ ቁጥር የተሰላው ቱርቦ ለሌለው ሞተር ነው። ባለ ቱርቦ ሞተር ከፍታውን በከፊል ራሱ ስለካሰ፣ ማስተካከያው ሲጨመርበት ሁለት ጊዜ ይካሳል። በ2,100 ሜትር ላይ 200 የለካ መኪና በወረቀት 250 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ያልተስተካከለው ንባብ ነው።

በእጅ ሲታይ

አዲስም ሆነ ያገለገለ ቱርቦ ከመግዛት በፊት ብርሃን ባለበት ቦታ በእጅ መያዝ አለበት። የኮምፕረሰሩን መዘውር አፍንጫ በሁለት ጣት ይዞ ወደ ጎንና ጎን መነቅነቅ ነው። ዘይት በሌለበት ቱርቦ ላይ ጥቂት የጎን እንቅስቃሴ መኖሩ ያለ ነው፤ ኩሽኔታው በዘይት ሽፋን ላይ የሚንሳፈፍ ስለሆነ ክፍተት ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው በዚህ እንቅስቃሴ ብቻ ጥሩ ቱርቦ ይጥላል። ቀጥሎ ዘንጉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋትና መሳብ ነው። በዚህ አቅጣጫ በጣት የሚሰማ እንቅስቃሴ ሊኖር አይገባም። ካለ የግፊት ኩሽኔታው ሄዷል። መዘውሩን ወደ ጎን ተጭኖ ሲያዞሩት ክንፉ ቤቱን ከነካም አይገዛም።

ከዚያ ዓይን ይሠራል። የክንፎቹ የፊት ጠርዝ ስለታም መሆን አለበት፤ ዶልዶሞ፣ በአሸዋ እንደተፋቀ ሆኖ ከተገኘ አቧራ በልቶታል። የተርባይኑ ክንፎች ጥግ ከተሸረፈ ከሞተር የወጣ ብረት አልፎበታል። በመዘውሩ አፍንጫ ወይም ጀርባ ላይ ትንንሽ የተፋቁ ቦታዎች ካሉ ደስ ሊለን ይገባል፤ ሚዛኑ መስተካከሉን ያሳያሉ። በዚያ ፍጥነት ለሚዞር ነገር ሚዛን ሕይወቱ ነው። ቤቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቆርቆሮ ደግሞ የዕቃ ቁጥር አላት፤ ቁጥሩ ከተነቀለው ቱርቦ ቁጥር ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ስልክ ላይ ፎቶ ማንሳት ከክርክር ያድናል።

የቀድሞውን የገደለው ምን ነበር?

ቱርቦ በራሱ ጥፋት የሚሞተው ጥቂት ጊዜ ነው። አብዛኛውን የሚገድለው ዘይት ነው፤ ዘግይቶ የተቀየረ፣ የቆሸሸ፣ ወይም በጥላሸት በጠበበ ቱቦ ሳይደርስ የቀረ። አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን በዚያው የዘይት ቱቦ ላይ የሚገጥም መካኒክ አዲሱን ለዚያው ሞት ይሰጠዋል። ስለዚህ የዘይት መግቢያ ቱቦው ይቀየር፣ መመለሻው ይጠረግ፣ ዘይቱና ፊልትሮው ይታደስ፣ ኢንተርኩለሩ ውስጥ የተሰባበረ ብረት እንዳይኖር ይታጠብ። በዘይት መግቢያው ጋርኒሲዮን ላይ ሲሊኮን አይቀባ፤ ቁራጩ ሄዶ ቀጭኗን ቀዳዳ ይደፍናል። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በቱርቦው የዘይት ቀዳዳ ንጹሕ ዘይት ይፍሰስ፣ ሞተሩም ሳይነሣ ጥቂት በማስነሻ ይዙር።

ነቀምቴ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ የምትገኘው ዳገቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሹፌሩ ቱርቦው በጣም በጋለበት ሰዓት መናኸሪያ ይገባና ሞተሩን ያጠፋል። ዘይቱ መፍሰስ ያቆማል፣ የተርባይኑ ትኩሳት ወደ ኩሽኔታው ይመጣል፣ እዚያ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ሞተሩን በዝግታ አሠርቶ ማጥፋት ይህን ያስቀራል።

በመንገድ ላይ መለካት

የተገጠመው ቱርቦ ምን እንደሰጠ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ መኪኖች ላይ፣ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ርካሽ የምርመራ መሰኪያ በሞተሩ መግቢያ ያለውን ሙሉ ግፊት ያነባል፤ ጌጁ የሚደብቀውን የአካባቢ አየርም ጨምሮ ማለት ነው። የሚገባውን አየር ሙቀትም ይናገራል። ሹፌር እየነዳ ረዳቱ ወይም መካኒኩ ይጻፍ። አንድ ዳገት ይመረጥ፣ ጭነቱ አንድ ይሁን፣ ማርሹ አንድ ይሁን፤ በ1,500፣ በ2,000፣ በ2,500 ዙር ላይ ሙሉ ግፊቱና ሙቀቱ ይመዝገብ። ከቱርቦው ለውጥ በፊት አንዴ፣ በኋላ አንዴ። ይህን ለማድረግ መፍጠን አያስፈልግም፤ ጭነት የያዘ መኪና በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ከሕጉ ፍጥነት አያልፍም።

ለነቀምቴ፣ ለጊምቢ፣ ለነጆና ለደምቢዶሎ መካኒኮች የምለው ይህ ነው፤ ደብተር ያዙ። የነቀላችሁትን ቱርቦ ቁጥር፣ የገጠማችሁትን ቁጥር፣ የመኪናውን ኪሎ ሜትር፣ አሮጌው የሞተበትን ምክንያት፣ በሦስቱ ዙሮች ያገኛችሁትን ንባብ ጻፉ። በወለጋ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩና የምትማሩ መሐንዲሶችም ወደ እነዚህ ጋራዦች ሂዱ፣ ደብተሮቹን ሰብስቡ፣ ቁጥሮቹን በኮምፕረሰር ካርታ ላይ አስቀምጡ። የውጭ ሠሪዎች ሠንጠረዥ የተጻፈው በአብዛኛው ለቆላ አየር ነው። በ2,100 ሜትር ላይ፣ በቀይ አቧራ ውስጥ፣ ቡና ጭኖ ዳገት ለሚወጣ መኪና የትኛው ቱርቦ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ከእናንተ በቀር የሚያዘጋጅልን የለም።